ገበናን ለባዕድ መግለጥ

ሰው በገዛ ቤቱ በደል ሲደርስበት ወደ ማን ይጮኻል? የበደለውስ የቤቱ ጌታ ራሱ የሆነ እንደ ሆነ አቤቱታውን ለማን ያሰማል? ነገሩ በቤተ ሰብ መካከል ሲሆን የጐረቤት ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል፤ ሽማግሌውም ከመግባቱ በፊት በትሩን ከደጅ ያስቀምጣል። በሕዝብና በመንግሥት መካከል ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። የመንግሥት ጐረቤት ሌላ መንግሥት ነውና፤ እርሱም ለሽምግልና ሲጠራ በትሩን ከደጅ ትቶ የሚገባው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ገበናውን ለባዕድ የገለጠ ሰው ከጥንት ጀምሮ በአገሩ ልጆች ዘንድ ይነቀፋል፤ ነቀፋውም አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የበዳዩ መሸሸጊያ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም።

ይህን ጥያቄ በዚህ ዘመን ገልጦ ያሳየው በሩቅ ምሥራቅ በታይላንድ አገር የሆነው ነገር ነው። (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ2020 ዓመት በኦክቶበር 26 ቀን ማታ በዋናው ከተማ በባንኮክ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች፤ አብዛኞቹም ወጣቶች፤ ሳም ያን ከሚባለው መስቀለኛ መንገድ ተነሥተው በሳቶን ጐዳና ወዳለው የጀርመን ኤምባሲ በሰልፍ ሄዱ። በደጁም ቆመው አንድ ጽሑፍ በታይ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ ቋንቋ አነበቡ። ንጉሡ ማሃ ቫጂራሎንግኮርን በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ በጀርመን አገር በባቫሪያ ይቀመጡ ነበርና፤ በጀርመን ምድር ሆነው የታይላንድን የመንግሥት ሥራ ሠርተው እንደ ሆነ የጀርመን መንግሥት እንዲመረምር የሚለምን ጽሑፍ ነበር። በዚያው ወር መጀመሪያ የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሃይኮ ማስ በአገራቸው ምክር ቤት ቆመው፤ የታይላንድ ፖለቲካ ከጀርመን ምድር ሊመራ እንደማይገባ ተናግረው ስለ ነበር፤ ወጣቶቹ ይህን ቃል ይዘው ሄዱ። በገዛ አገራቸው ምክር ቤት ሊነሣ ያልቻለውን ጥያቄ በባዕድ ምክር ቤት ተነሥቶ አገኙት።

ብዙዎች የአገሩ ሰዎች በዚህ ተቈጡ። ልጆች አባታቸውን በፈረንጅ ፊት ከሰሱ የሚል ቍጣ ነበር፤ ቍጣውም ያለ ሥር የበቀለ አይደለም። ታይላንድ፤ እስከ 1939 ድረስ ሲያም ትባል የነበረችው፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ካሉት አገሮች ተለይታ በአውሮፓውያን ቅኝ ሳትገዛ የኖረች አገር ናት። ነጻነቷን የጠበቀችው ግን ከአካሏ እየቈረሰች በመስጠት ነው። በ1855 ከእንግሊዝ ጋራ ባደረገችው ውል መሠረት እንግሊዛዊ በአገሯ ላይ ቢያጠፋ የሚዳኘው የራሱ ቆንስል እንጂ የሲያም ዳኛ አልነበረም። በ1893 የፈረንሳይ የጦር መርከቦች የወንዙን በር ጥሰው እስከ ባንኮክ ዘለቁ፤ ንጉሥ ቹላሎንግኮርንም ከሜኮንግ ወንዝ በስተ ግራ ያለውን አገር ለመልቀቅ ተገደዱ። በ1909 ደግሞ አራት የማላይ ግዛቶች ለእንግሊዝ ተሰጡ። እንዲህ ያለውን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሕዝብ የባዕድ ስም በቤቱ ነገር ላይ ሲነሣ ቢደነግጥ አያስደንቅም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ይህ ድንጋጤ እንግዳ አይሆንበትም፤ የባዕድን ውል አንቀጽ በአንቀጽ፤ ቃል በቃል መመርመር ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ከውጫሌ ጀምሮ ያውቀዋል።

ነገር ግን ነቀፋው ትክክል ይሆን ዘንድ አንድ ነገር አስቀድሞ ሊኖር ይገባል። ይኸውም ተበዳዩ በቤቱ ውስጥ የሚናገርበት ስፍራ ነው። በታይላንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 112ኛው አንቀጽ፤ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም የዙፋኑን እንደራሴ የሰደበ፤ ስማቸውን ያጠፋ ወይም የዛተባቸው ሰው ከ3 ዓመት እስከ 15 ዓመት እንዲታሰር ያዛል። ቅጣቱ የሚቈጠረው በእያንዳንዱ ጥፋት ነው፤ ክሱንም ማንኛውም ሰው ተነሥቶ ሊያቀርብ ይችላል። በ2021 በጃንዋሪ አንዲት የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ የሌላ ሰው ንግግር የተቀረጸበትን ድምፅ በኢንተርኔት ስላሠራጨች በ29 ክስ 87 ዓመት ተፈረደባት፤ ጥፋቷን ስላመነችም እኩሌታው ተቀንሶ 43 ዓመት ከ6 ወር ሆነ። ሰው ገድሎ ከዚህ ያነሰ የሚታሰር ብዙ ነው።

ወጣቶቹም ከመጀመሪያው ወደ ባዕድ አልሄዱም። በ2020 በጁላይ 18 ቀን በዲሞክራሲ ሐውልት ዙሪያ ተሰብስበው የለመኑት ሦስት ነገር ነበር፤ ምክር ቤቱ ይበተን፤ ሐሳቡን የሚናገረውን ሰው ማስፈራራት ይቅር፤ አዲስ ሕገ መንግሥት ይጻፍ የሚል ነው። በኦገስት 10 ቀን በታማሳት ዩኒቨርሲቲ ፓኑሳያ ሲቲጂራዋታናኩል የተባለች ተማሪ ስለ ዙፋኑ ሥልጣንና ሀብት ዐሥር ጥያቄዎች አነበበች። ጥያቄዎቹ ዙፋኑ በሕገ መንግሥት ሥር ይሁን የሚሉ እንጂ ዙፋኑ ይፍረስ የሚሉ አልነበሩም። በዓመቱ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ይህ ንግግር ሥርዐቱን ለመገልበጥ የታሰበ ነው ብሎ ፈረደ። ወደ ኤምባሲው ከመሄዳቸው ዐሥር ቀን አስቀድሞም ፖሊሶች በከተማው መካከል መድኀኒት የተቀላቀለበት ውሃ በሰልፈኞቹ ላይ በኀይል ረጭተው ነበር። በአደባባይ የሚናገረው ሰው እንዲህ ከሆነ፤ በቤታችሁ ውስጥ ተናገሩ የሚለው ምክር ለማን ይጠቅማል?

በኢትዮጵያ የቀድሞ ልማድ በመንገድ ላይ የተበደለ ሰው በሕግ አምላክ ብሎ መንገደኛውን ያቆም ነበር። መንገደኛውም ዘመድ ባይሆን፤ ቀዬውን ባያውቅ፤ ጕዞው ቢቸኵልበትም እንኳ፤ ቆሞ ነገሩን ሰምቶ የመሰለውን ይፈርድ ነበር። እንዲህ ብሎ የጮኸውን ሰው ገበናውን ለመንገደኛ አወጣ ብሎ የሚነቅፈው አልነበረም። መንገደኛው የሚለመነው ግን ጆሮውንና ፍርዱን እንጂ ጦሩን አይደለም። የታይላንድን ነገር ለመመርመር ይህ ልዩነት ይበቃል ባይባልም፤ መነሻ ይሆናል።

የኤምባሲው ጽሑፍ ራሱ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ለሚያይ ሰው ሌላም ነገር ያሳየዋል። ሰሙ ለበርሊን የቀረበ ልመና ነው። ለበርሊን ብቻ ቢሆን ግን በጀርመን ቋንቋ ጽፎ በፖስታ መላክ በበቃ ነበር፤ በታይ ቋንቋ፤ በጐዳና ላይ፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ምን ያስፈልግ ነበር? እንግዲህ አንድም ለጀርመን ሹም የቀረበ አቤቱታ ነው። አንድም ለአገሩ ሰው የተነገረ ነው፤ ንጉሡ የት ናቸው፤ የመንግሥቱንስ ሥራ የሚሠሩት ከየት ሆነው ነው ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ የሚያሳስር ነውና፤ ወደ ባዕድ ዞሮ የአገሩን ሰው አሰማ። አንድም ለራሳቸው ለንጉሡ የተላከ ነው፤ አባወራው በቤቱ አልገኝ ያለው ልጅ አባቱ በሚያድርበት በጐረቤት ደጅ ቆሞ እንደሚጣራ ያለ ነው። ዐቃቤ ሕጎቹም ወርቁን አልሳቱትም። ለጀርመን የተጻፈ ልመና ብቻ መስሏቸው ቢሆን ስለ ምን ይጨነቁ ነበር? በተከተለው ዓመት በዚያ ንባብ ምክንያት 13 ሰዎች በ112ኛው አንቀጽ ተከሰሱ። ከጀርመን በኩል ግን ሚኒስትሩ ነገሩን እንከታተላለን ከማለት አልፎ ንጉሡን ከአገር ያስወጣ ውሳኔ አልተሰጠም።

የሚያስደንቀው ነገር በዚያው ቀን፤ ወጣቶቹ ከመድረሳቸው በፊት፤ የንጉሡ ወዳጆች ነን የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን ደብዳቤ ይዘው ወደዚሁ ኤምባሲ መጥተው ነበር። በማግሥቱም እንደነሱ ያሉ ሰዎች በአሜሪካ ኤምባሲ ፊት ቆመው፤ አሜሪካ ወጣቶቹን ትረዳለች ብለው ከሰሱ። ጩኸቴን ቀሙኝ እንደ ተባለው ሆነ። ባዕድ በቤታችን ነገር አይግባ ለማለት የባዕድን ደጅ የጠኑ ሰዎች፤ የባዕድን ምስክርነት ዋጋ ከተቃዋሚዎቻቸው ባላነሰ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ገዢዎቹም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። ጄኔራል ፕራዩት ቻን ኦቻ በ2014 በሜይ 22 ቀን በሠራዊት ኀይል ሥልጣን ከያዙ በኋላ፤ የምዕራብ መንግሥታት ፊት ነሥተዋቸው ነበርና፤ ብዙ ደክመው በ2017 በኦክቶበር በዋሽንግተን በነጩ ቤት በፕሬዚዳንት ትራምፕ እጅ ተቀባይነት አገኙ። የታይላንድ ሠራዊትም ከ1982 ጀምሮ ኮብራ ጎልድ በሚባለው የጦር ልምምድ ከአሜሪካ ወታደሮች ጋራ ይሰለፋል። ይህን ገበናን ለባዕድ መግለጥ ነው ብሎ የከሰሰ ዐቃቤ ሕግ አልተገኘም። ስለዚህ በታይላንድ የሚነቀፈው ከባዕድ ድጋፍ መፈለግ አይደለም፤ ሥልጣን የሌለው ሰው ሲፈልገው ነው።

ይህ ሲባል ግን የውጭ ድጋፍ የሚጠራው ሁሉ ይደርሳል፤ የደረሰውም ይጠቅማል ማለት አይደለም። የታይላንድ ታሪክ በዚህ ነገር ብዙ ያስተምራል።

በ1941 በዲሴምበር 8 ቀን የጃፓን ሠራዊት ወደ ታይላንድ ገባ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊልድ ማርሻል ፒቡን ሶንግክራም ከጥቂት ሰዓት ውጊያ በኋላ ከጃፓን ጋራ ተስማሙ፤ በ1942 በጃንዋሪ 25 ቀንም በእንግሊዝና በአሜሪካ ላይ ጦርነት ዐወጁ። በዋሽንግተን የነበሩት የታይላንድ መልክተኛ ሴኒ ፕራሞጅ ግን ዐዋጁን ለአሜሪካ መንግሥት አላቀርብም ብለው ከለከሉ፤ አሜሪካም ታይላንድን ከጠላት አልቈጠረችም። በአገር ውስጥ ደግሞ የዙፋኑ እንደራሴ የነበሩት ፕሪዲ ፓኖምዮንግ፤ በቀን ከጃፓን ሹማምንት ጋራ እየዋሉ፤ በምሥጢር ሩት በሚል ስም ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ሰላዮች ጋራ ይላላኩ ነበር። በውጭ አገር ይማሩ የነበሩ የታይላንድ ልጆች የጦር ትምህርት ተሰጥቷቸው በጃንጥላ ከአይሮፕላን ወረዱ። ይህ ማኅበር ሴሪ ታይ፤ ማለት ነጻ ታይ፤ ይባል ነበር። በሕጉ ፊደል የሄደ እንደ ሆነ መልክተኛው ለመንግሥቱ አልታዘዝ ያለ፤ እንደራሴውም ከጠላት ጋራ የተጻጻፈ ሰው ነው። ዛሬ ግን ሁለቱን ከዳተኞች የሚላቸው ጥቂት ነው። ባዕዱ አስቀድሞ ከነሠራዊቱ በቤቱ ገብቶ ነበርና፤ በሩን የከፈተውም የቤቱ አስተዳዳሪ ነበርና።

ዋጋውስ ምን ሆነ? ጦርነቱ ሲያልቅ እንግሊዝ የጦርነቱን ዐዋጅ አልረሳችም፤ በ1946 በጃንዋሪ 1 ቀን በተፈረመው ውል ታይላንድ አንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን ሩዝ ያለ ዋጋ እንድትሰጥ አስገደደች። የአሜሪካ ምክር ባይኖር ቀንበሩ ከዚህም በከበደ ነበር። በ1947 በኖቬምበር ወታደሮች መንግሥቱን ገለበጡ፤ ፕሪዲም ሸሽተው አንድ ጊዜ ለመመለስ ሞክረው ስላልሆነላቸው፤ ከ1949 ጀምሮ በቻይና፤ ኋላም በፓሪስ በስደት ኖረው በ1983 በዚያው ዐረፉ። በአሜሪካ ላይ ጦርነት ያወጁት ፒቡን ግን በ1948 እንደ ገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የኮሚኒስት ጠላት መሆናቸው ስለ ታወቀ፤ ዋሽንግተን ያለፈውን ትታ ከ1950 ጀምሮ የጦር መሣሪያ ሰጠቻቸው። ከሩት ጋራ በጭለማ የተላላከች ያችው አገር ናት። ይህን ክሕደት ማለት ይከብዳል፤ አሜሪካ ከመጀመሪያው የወጣችው ለጃፓን ጠላትነት እንጂ ለፕሪዲ ወዳጅነት አልነበረምና። የፕሪዲ ወዳጆች ግን ይህን ልዩነት የተረዱት ከረፈደ በኋላ ነው። በ1936 በጄኔቭ የመንግሥታትን ማኅበር ያየ አገር ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ያሳዝናል። በ1976 በኦክቶበር 6 ቀን ፖሊሶችና የታጠቁ ሰዎች የታማሳትን ዩኒቨርሲቲ ከበው በተማሮች ላይ ተኰሱ፤ መንግሥት ያመነው የሙታን ቍጥር 46 ነው። ከዚህ በኋላ በሺህ የሚቈጠሩ ተማሮችና ምሁራን ወደ ዱር ገብተው ከኮሚኒስቶች ጋራ ተቀላቀሉ። ቻይና ኮሚኒስቶቹን ትረዳ ነበር፤ የታይላንድ ሕዝብ ድምፅ የሚባለውም ራዲዮ የሚናገረው ከደቡብ ቻይና ሆኖ ነው። በ1978 መጨረሻ ግን የቬትናም ሠራዊት ወደ ካምቦዲያ ገባ፤ ቻይናም በቬትናም ላይ የባንኮክን መንግሥት ወዳጅነት ፈለገች። በ1979 በጁላይ ራዲዮው ዝም አለ። እነዚህ ልጆች የሞቱባቸውን ባልንጀሮች ጩኸት ለዓለም የሚያሰማላቸው ድምፅ፤ እነሱን ሳይጠይቅ ተዘጋ። በ1980 የባንኮክ መንግሥት ምሕረት የሚሰጥ ትእዛዝ አወጣ፤ ብዙዎቹም ከዱር ወጥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባዕድ የሰጣቸው ባዕድ ወሰደው፤ የገዛ አገራቸው በር በመጨረሻ የተከፈተው ከውስጥ ነው።

እስካሁን የተነገረው የባዕድን ልብ የሚመለከት ነው። የለማኙን ልብ የሚመረምረው ታሪክ ደግሞ በ2010 የሆነው ነው፤ በዚህም ላይ ትንሽ መቈየት ይገባል።

በዚያ ዓመት ቀይ ሸሚዝ የሚባሉት ሰልፈኞች፤ በ2006 በሠራዊት የተገለበጡት የታክሲን ሺናዋትራ ደጋፊዎች የሚበዙባቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር አቢሲት ምክር ቤቱን በትነው ምርጫ እንዲያደርጉ ለመጠየቅ በባንኮክ ከማርች እስከ ሜይ ተቀመጡ። በኤፕሪል 10 ደም ፈሰሰ፤ በሜይ 19 ሠራዊቱ ሰፈሩን ጥሶ ገባ። በእነዚያ ሳምንታት ከ90 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱም አንድ ጃፓናዊና አንድ ኢጣሊያዊ ጋዜጠኞች ነበሩ። ከሰልፈኞቹ መካከልም መሣሪያ የያዙ ሰዎች እንደ ነበሩ መካድ አይቻልም። በዚህ መካከል ቀይ ሸሚዞቹ በባንኮክ ወዳለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ሄደው ሰላም አስከባሪ ወታደሮች እንዲላኩላቸው ለመኑ። መንገደኛውን ቆመህ ስማ ማለት ቀርቶ፤ ዱላህን ይዘህ ግባ ማለት ይህ ነው። አልተላከም፤ ባይላክም ደግ ሆነ። የውጭ ጋዜጦችም ነገሩን የድኻና የባለጠጋ ጠብ ብቻ አድርገው ለዓለም ነገሩ፤ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለውን ተረት ሁለቱም ወገኖች በየፊናቸው ሊጠቅሱት በቻሉ ነበር።

በ2011 በጃንዋሪ ሮበርት አምስተርዳም የተባለ ጠበቃ ስለ ቀይ ሸሚዞቹ ሆኖ በሄግ ላለው ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ታይላንድ የፍርድ ቤቱን ውል በ2000 ብትፈርምም አላጸደቀችውም፤ ስለዚህ ጠበቃው አቢሲት በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ስለ ተወለዱ የእንግሊዝ ዜጋ ናቸው፤ በዚህም ሊከሰሱ ይችላሉ ብሎ ተከራከረ። ብልሃት ነው፤ ፍርድ ቤቱን ግን አላንቀሳቀሰም።

ከጥቂት ወር በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ2011 በጁላይ ምርጫ የቀይ ሸሚዞቹ ወገን አሸነፈ፤ የታክሲን እኅት ዪንግላክ ሺናዋትራም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ትናንት በሄግ ደጅ የቆሙት ዛሬ የመንግሥቱን ማኅተም ያዙ። የፍርድ ቤቱ ውል በ12ኛው አንቀጽ ውሉን ያላጸደቀ መንግሥት ስለ አንድ ነገር ብቻ፤ ፍርድ ቤቱ ይመርምረው ብሎ በጽሑፍ ሊፈቅድ እንዲችል ይናገራል። በ2012 በኖቬምበር የፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ ፋቱ ቤንሱዳ ባንኮክ ድረስ መጥተው ከመንግሥቱ ሹማምንት ጋራ ተነጋገሩ። የሟቾቹ ወገኖች እንዲፈረም ይለምኑ ነበር። መንግሥቱ ግን አልፈረመም።

ስለ ምን? ሠራዊቱን ፈርተው ነው የሚል አለ፤ ፍርሀቱም ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ሌላም ነበር። በ2003 በታክሲን ዘመን አደንዛዥ ዕፅ ይሸጣሉ በተባሉ ሰዎች ላይ በተደረገው ዘመቻ በሦስት ወር ከ2 ሺህ በላይ ሰው ሞቶ ነበር። በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ መርማሪው በየትኛው ክፍል ገብቶ በየትኛው እንደሚቆም ማን ዋስ ይሆናል? ይባስ ብሎ በ2013 በኖቬምበር መጀመሪያ የመንግሥቱ ወገን በምክር ቤት ሌሊቱን ሲከራከር አድሮ የምሕረት ሕግ አሳለፈ፤ ሕጉም ታክሲንን ከፍርድ የሚያድን፤ በ2010 ተኵስ አዝዘዋል የተባሉትንም የሚምር ነበር። የላይኛው ምክር ቤት ጣለው። የሟች እናቶች ግን ያንን ሌሊት አልረሱትም፤ በሄግ ስለ ልጆቻቸው ደም የተጮኸው ጩኸት በቤታቸው ለአንድ ሰው መመለሻ ሊመነዘር እንደ ነበር አዩ።

ገበናን ለባዕድ የመግለጥ በደል የሚገኘው በዚህ ላይ ነው እንጂ በኤምባሲ ደጅ በመቆም አይደለም። በሄግ የጮኹት ሰዎች እውነት ፈልገው ቢሆን፤ ማኅተሙ በእጃቸው ሲገባ የገዛ ቤታቸው ገበና አብሮ የሚገለጥ ቢሆንም እንኳ በፈረሙ ነበር። የጠሩት ምስክር በራሳቸውም ላይ እንዲመሰክር ካልፈቀዱ፤ ምስክር አልጠሩም፤ ሎሌ ቀጠሩ እንጂ። በነገሩ ላይ ያልተጠየቁት ብዙኃን ቀይ ሸሚዞች፤ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ አገር በመኪና ተጭነው የመጡት ገበሬዎች፤ ከዚህ ፍርድ ውጭ ናቸው። እነሱ የፈረሙበትም ያልፈረሙበትም ነገር አልነበረም።

በ2020 የተነሡት ወጣቶች ከዚህ ታሪክ ምን ያህል እንደ ተማሩ መናገር ያስቸግራል፤ የለመኑት ነገር ግን ከአባቶቻቸው ልመና ያነሰና የጠራ ነበር፤ መርምሩ የሚል እንጂ ግቡልን የሚል አይደለም። ድጋፍም ያገኙት የበለጠው ከመንግሥታት ሳይሆን እንደነሱ ካሉ ወጣቶች ነው። በዚያ ዓመት በኤፕሪል በኢንተርኔት በተነሣ ጠብ የታይላንድ፣ የሆንግ ኮንግና የታይዋን ወጣቶች በአንድነት ከቻይና ወገን ሰዎች ጋራ ተከራከሩ፤ ሦስቱም አገሮች ሻይን በወተት ይጠጣሉና ኅብረታቸው የወተት ሻይ ኅብረት ተባለ። በኦክቶበርም ጆሹዋ ዎንግ የተባለው የሆንግ ኮንግ ወጣት በዚያ ባለው የታይላንድ ቆንስላ ፊት ቆሞ ስለ ታይላንድ ተማሮች ጮኸ። በ2021 በፌብሩዋሪ ሠራዊቱ የምያንማርን መንግሥት ሲገለብጥ፤ የዚያ አገር ሰዎች ታይላንዳውያን ይዘውት የነበረውን ሦስት ጣት የማንሣት ምልክት በአደባባይ አነሡ። ይህ ኅብረት እስረኛ አያስፈታም፤ ሩዝም አይጠይቅም።

በ2023 በሜይ በተደረገው ምርጫ የወጣቶቹን ሐሳብ የያዘው ካኦ ክላይ የተባለው ማኅበር፤ ትርጓሜው ወደ ፊት መራመድ ማለት ነው፤ ከ500 ወንበር 151 አግኝቶ ከሁሉ በለጠ። መንግሥት ለመመሥረት ግን ሠራዊቱ የሾማቸው የላይኛው ምክር ቤት አባሎች ከለከሉት። በ2024 በኦገስት 7 ቀን የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት፤ ማኅበሩ 112ኛው አንቀጽ እንዲሻሻል ስለ ጠየቀ እንዲፈርስ ፈረደ። ከዋሽንግተንና ከብራስልስ ነገሩ እንዳሳሰባቸው የሚገልጥ ቃል ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ የቀሩት 143 የሕዝብ እንደራሴዎች በባንኮክ ተሰብስበው የሕዝብ ማኅበር በሚል አዲስ ስም ተመዘገቡ፤ ወደ ምክር ቤቱም ተመልሰው በየወንበራቸው ተቀመጡ።